ጣርማ በር ላይ የቆመው ገጽ

ረፋድ ላይ፣ ጣርማ በር ከዋሻው ወዲህ፤ ጉም ውስጥ ተበላሽታ በቆመች የጭነት መኪና ጋቢና፣ ሾፌሩ ጋሽ ተኮላና ከደብረ ብርሃን የተሳፈረው ወጣት ምናሴ፣ ድረ ገጽ ሠሪ መሆኑን ለሾፌሩ ያልነገረው፣ አንድ ስልክ ላይ አቀርቅረዋል፤ ከኋላ አንድ ሺህ ሁለት መቶ የአንድ ቀን ጫጩቶች ተጭነዋል።

ተኮላ፦ አምጣ ስልኬን! እዚያ ዳር የቆመችውን ታፔላ አንብበህ “እነዚህ ያነሱናል” ካልከኝ ሩብ ሰዓት አለፈ።

ምናሴ፦ ትንሽ ይታገሱኝ ጋሽ ተኮላ፤ እየከፈተ ነው።

ተኮላ፦ ምኑን ነው የሚከፍተው? እኔ የማየው አንድ የሚሽከረከር ክብ ነው። ጎማዬ እንደሱ ቢሽከረከር ኖሮ ይኼኔ ደብረ ሲና ነበርኩ።

ምናሴ፦ ኔትወርኩ ነው። ጉሙ ስለበዛ…

ተኮላ፦ ጉሙን ተወው! አሁን ለጌታዬ ብደውልለት ጥርት ባለ ድምፅ ይሰድበኛል።

ምናሴ፦ ታዲያ ለምን አይደውሉላቸውም?

ተኮላ፦ ምን ብዬ? “ፍሪሲዮኑ ተበላ፣ ጫጩቶችህ ብርድ ላይ ናቸው” ልበለው? ባለፈው ወር እዚሁ ቦታ ግማሾቹ ደርቀው ቀሩብኝ። “ዳግመኛ ከሞቱ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠህ ሂድ” ብሎኛል። የማውቀው መካኒክ ደግሞ ለቅሶ ሄዶ ሐይቅ ከተማ ነው ያለው። ያንተስ ስልክ?

ምናሴ፦ ሞቷል። ሌሊቱን ስሠራበት አድሬ ቻርጅ ሳላደርገው ወጣሁ። የማውቀው ቁጥር ሁሉ እሱ ውስጥ ነው ያለው።

ተኮላ፦ የእኔ መኪና መሰኪያም ከተቃጠለ ዓመት አልፎታል። ተገናኘን! ስማቸው እስቲ፣ ድምፃቸው እየቀነሰ አይደለም?

ምናሴ፦ ሸራውን ደርቤላቸዋለሁ። ኮቴንም ከላይ ጣል አድርጌዋለሁ።

ተኮላ፦ እግዜር ይስጥህ፣ ግን ሸራ ነፋስ ይከለክላል እንጂ አያሞቅም። አንድ ሰዓት ከቆየን አለቀላቸው። ሦስት መኪና አለፈን፤ በዚህ ጉም ማን ይቆምልሃል? ታፔላዋ ምን ነበር ያለችው?

ምናሴ፦ “ክንደ ብርቱ የመኪና ማንሻ። ለፈጣን አገልግሎት ድረ ገጻችንን ይጎብኙ።”

ተኮላ፦ ቁጥርስ?

ምናሴ፦ ቁጥሩ ገጹ ላይ ነው።

ተኮላ፦ ይኸውልህ! ሰው መኪናው ተበላሽቶ፣ እጁ በግራሶ ተለውሶ፣ ገደል አፍ ላይ ቆሞ “ይጎብኙን” ይባላል? ዐሥር ቁጥር ቢጽፉበት ቀለም ያልቅባቸው ነበር?

ምናሴ፦ ዘመናዊ እንዲሆን ብለው ይሆናል። ገጹን የሠራው ልጅ መክሯቸው ይሆናል።

ተኮላ፦ ልጅ መሆኑን በምን አወቅህ?

ምናሴ፦ እንዲሁ… ይህን የሚሠሩት ወጣቶች ናቸው ብዬ ነው። መጣ! ይኸው፣ መጣ!

ተኮላ፦ ይህ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?

ምናሴ፦ ፀጉር ነው። የሥራ አስኪያጁ ፎቶ፤ ከላይ ወደ ታች ነው የሚመጣው።

ተኮላ፦ እኛ የጠየቅነው ጎታች መኪና ነው ወይስ ጉርድ ፎቶ?

ምናሴ፦ መልካቸው ጎልቶ እንዲታይ ትልቁን ፎቶ አስገብቶት ነው። ቢሮ ውስጥ፣ ሰፊው ስክሪን ላይ እኮ በጣም ያምራል… ማለቴ፣ የሚያምር ይመስለኛል።

ተኮላ፦ ግንባሩ መጣ። ሰፊ ግንባር ነው። አፍንጫው እስኪደርስ ጫጩቶቼ አድገው እንቁላል ይጥላሉ።

ምናሴ፦ አይቀልዱ ጋሼ፤ እኔ ጭንቅ ላይ ነኝ።

ተኮላ፦ አንተን ምን አስጨነቀህ? ቁልፍ አስረክብ የተባልኩት እኔ!

ምናሴ፦ እኔም አራት ሰዓት ላይ ደብረ ሲና መድረስ ነበረብኝ። ምረቃ ነገር አለብኝ።

ተኮላ፦ ለዚህ ነው ክራባት ያሰርከው! እኔ ሚዜ መስለኸኝ ነበር። ምንድን ነው የሚመረቀው?

ምናሴ፦ አንድ… ሥራ። ይኸው ፎቶው አለቀ፣ አሁን ጽሑፉ ይመጣል።

ተኮላ፦ አንብብልኝ።

ምናሴ፦ “እንኳን ወደ ድርጅታችን ገጽ በደህና መጡ።”

ተኮላ፦ በደህና ብመጣ ምን ሊያደርጉልኝ እፈልጋቸው ነበር?

ምናሴ፦ “ድርጅታችን ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ…”

ተኮላ፦ እለፈው!

ምናሴ፦ “ራእያችን…”

ተኮላ፦ እለፈው አልኩህ! ቁጥሩ የት ነው?

ምናሴ፦ መጨረሻ ላይ። ከሥራ አስኪያጁ መልእክት በታች፣ ከራእዩ በታች፣ ከተሸለሙት ዋንጫ በታች።

ተኮላ፦ ይህን ገጽ እንደ ቤትህ ነው የምታውቀው።

ምናሴ፦ አንዴ… አይቼው ነበር።

ተኮላ፦ ስማኝ ወንድሜ። አዳራሽ ውስጥ ሰውየው ይናገራል፣ እኛ እናጨበጭባለን፤ ደግ ነው፣ ወጋችን ነው። መንገድ ላይ የቀረ ሰው ግን የማን ንግግር ጆሮው ይገባል? እኔ ከዚህ ስልክ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ገና ሲከፈት፣ ከላይ፣ አውራ ጣቴ የማይስተው ድፎ ዳቦ የሚያህል ነገር፤ “ደውል” የሚል። በቃ። ይህን ማሰብ ምን ይከብዳል?

ምናሴ፦ ሠሪው እንዲህ ያለ ቦታ ቆሞ አያውቅም ይሆናላ።

ተኮላ፦ ለአፍ ዳገት የለውም ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለካ ለወንበርም የለውም።

ምናሴ፦ ደረስኩ! ቁጥሩ ይኸው!

ተኮላ፦ የታል?

ምናሴ፦ እዚህች ፎቶ ውስጥ። ቢሯቸው በር ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ነው፤ ቁጥሩ እሱ ላይ ተጽፏል።

ተኮላ፦ ጉንዳን ነው እንዴ የጻፈው? እየተጫንኩት ነው፣ አይደውልም።

ምናሴ፦ ፎቶ ስለሆነ ቢጫኑትም አይደውልም።

ተኮላ፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ላንተስ ይታይሃል?

ምናሴ፦ ስምንቱን ለይቻቸዋለሁ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደብዝዘዋል። ቆይ ላሳድገው… ኧረ አይንኩት ጋሼ!

ተኮላ፦ ምን ነካሁ? አውራ ጣቴ ነው፤ ስፋቱን የሰጠኝ እግዜር ነው።

ምናሴ፦ ጎን ያለችዋን ነክተው ቪዲዮ ከፈቱ።

ተኮላ፦ ማን ነው የሚዘፍነው?

ምናሴ፦ የድርጅቱ መዝሙር ነው።

ተኮላ፦ መዝሙር! እየዘመሩ ነው እንዴ የሚጎትቱት? ዝጋው! ዳታዬን ጨረሰው!

ምናሴ፦ መዝጊያዋ በጣም ትንሽ ናት፣ አልያዝ አለችኝ… እሺ፣ ዘጋሁት።

ተኮላ፦ አሁንስ?

ምናሴ፦ አሁን… ወደ ላይ መለሰን።

ተኮላ፦ ወዴት ላይ?

ምናሴ፦ ወደ ፀጉሩ።

ተኮላ፦ አልሸሹም ዞር አሉ! አንተ፣ ይህን የሠራውን ልጅ አምላክ አንድ ቀን እጄ ላይ ይጣለው። አልመታውም። እዚህ ጋቢና አስቀምጬ፣ ይህችን ስልክ ሰጥቼ፣ “ክፈት” ነው የምለው።

ምናሴ፦ ከዱላ ይብሳል።

ተኮላ፦ አንተ በምን አወቅህ?

ምናሴ፦ ይመስለኛል ነው። ገጹን ይተዉት፤ ቁጥሩን መዳፌ ላይ ጽፌዋለሁ። መጨረሻው ወይ ሠላሳ አንድ ነው፣ ወይ ሰባ አንድ።

ተኮላ፦ በሠላሳ አንድ በልልኝ። አምጣ… ሃሎ? ክንደ ብርቱ?… ኧረ ይቅርታ እናቴ፣ ከጸሎት አቋረጥንዎት… አሜን… አሜን፣ እርስዎንም… ሰባ አንድ በል፣ ቶሎ!

ምናሴ፦ ይኸው እየጠራ ነው።

ተኮላ፦ ሃሎ! ክንደ ብርቱ ነው?… ተመስገን! ጣርማ በር ላይ ነኝ፣ ፍሪሲዮን ነው፣ ጫጩት ጭኛለሁ፣ እያለቁብኝ ነው… ምን?… ሁለቱም መኪኖች?… የምን ሪባን?… ቆይ፣ ቆይ፣ እንዳትዘጋው።

ምናሴ፦ ምን አሉ?

ተኮላ፦ ጉድ ነው! ሁለቱም ጎታች መኪኖች ታጥበው፣ ሪባን ታስሮባቸው ግቢ ውስጥ ቆመዋል አለኝ። የዚህ የጉድ ገጽ ምረቃ ዛሬ ነው! የክብር እንግዳው ተቀምጧል፤ ሥራ አስኪያጁ ንግግሩን ይዞ ቆሟል።

ምናሴ፦ ታዲያ ለምን አይጀምሩም?

ተኮላ፦ ሠሪው አልመጣማ! እሱ ካልመጣ ምረቃው አይጀመርም፤ ምረቃው ካልተጀመረ ሪባኑ አይቆረጥም፤ ሪባኑ ካልተቆረጠ መኪናው ከግቢ አይወጣም። አንድ ልጅ የትም ሲዞር የእኔ ጫጩቶች ይለቁ! ምን ሆነህ ነው ፊትህ የተለዋወጠው?

ምናሴ፦ ስልኩን አልዘጉትም አይደል?

ተኮላ፦ ሰውየው መስመር ላይ ነው። ምን ልበለው?

ምናሴ፦ ሪባኑን አሁኑኑ ይቁረጡት ይበሉልኝ። ሠሪው ጣርማ በር ላይ፣ እርስዎ አጠገብ ጋቢና ውስጥ ተቀምጧል፤ ከፈለጉት መጥተው ከነጫጩቶቹ ይጎትቱት።