ዳርሲን ካሜራ ፊት ያቆምን ሰዎች

የዛሬ ሁለት ዓመት በመጋቢት ወር ሲድኒ ሄጄ ዓይኔን ታክሜ ስመለስ፣ ወደምኖርባት ከተማ ወደ ዎሎንጎንግ በሚሄደው የከሰዓት ባቡር ተሳፈርኩ። ፉርጎው ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። በባሕሩ በኩል ካለው መስኮት አጠገብ አንድ ሽማግሌ ትልቅ የልብስ ሻንጣ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ቀረብ ብዬ ሳያቸው ጎረቤቴ ሚስተር መርቪን ትራስክ ናቸው።

ሚስተር ትራስክን በሰፈራችን የማያውቅ የለም። ዕድሜያቸው ሰባ አራት ነው። በወጣትነታቸው ብረት ፋብሪካ ይሠሩ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቀሚስ ለብሰው፣ ተኳኩለው፣ ረጅም ዊግ አጥልቀው በየመጠጥ ቤቱ መድረክ ላይ ይዘፍኑና ይቀልዱ ነበር። ይህን ድራግ የሚባለውን ጨዋታ አለቆቻቸው ሲሰሙ ከሥራ አባረሯቸው። አንድ ጊዜም ሰካራሞች ደብድበው ሁለት የጎን አጥንታቸውን ሰብረዋል። እሳቸው ግን ጨዋታውን አርባ ዓመት አልተዉትም፤ አፍረውበትም አያውቁም። ስለዚህ በዚያን ቀን ፊታቸው ላይ ያየሁት እፍረት ግራ አጋባኝ።

"እንደምን ዋሉ ሚስተር ትራስክ? ዳርሲስ የት አለ? ልምምዱ ዛሬ አልነበረም እንዴ?" አልኳቸው።

ዳርሲ፣ ሊያን የምትባለው የእህታቸው ልጅ የወለደችው ልጅ ነው፤ ያኔ ዐሥር ዓመቱ ነበር። እሑድ እሑድ እሳቸው ቤት እየሄደ፣ የሰፉለትን ቢጫ ቀሚስ ለብሶ ሲደንስ እናቱ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ልጆች ድራግ የሚጫወቱበት አዲስ ፕሮግራም አስቦ ዳርሲን መርጦት ነበር። የድጋፍ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አስተማሪው ነኝና። ደብዳቤው ሁለት ገጽ ሆኖ፣ ድፍረት፣ ነፃነት፣ መጪው ዘመን በሚሉ ቃላት ተሞልቶ ነበር።

"ከእናቱ ጋር በመኪና ሄዷል። እኔ በባቡር ይሻለኛል ብዬ ነው" አሉኝ።

"ለምን?"

"አጠገቡ መቀመጥ አፍሬ ነው፣ ኖራ።"

ሌላ ነገር ሳልጠይቅ አንዲት ወጣት እያለከለከች ወደ ፉርጎው ገባች። የቀድሞ ተማሪዬ ታምሲን ኬይ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ በዚያው ጣቢያ ትሠራለች፤ ለፕሮግራሙ ልጆች የምትመርጠው እሷ ናት።

"ሚስተር ትራስክ፣ ሳይሰናበቱኝ ይሄዳሉ? ሊያን 'አጎቴ ካልተስማማ የፈቃድ ወረቀቱን አልፈርምም' አለችኝ። ምን አስቀየምንዎት?" ከዚያ እኔን አየችኝ። "ሚስ ጊልክሪስት፣ እግዜር ነው የላከዎት። እባክዎ ያግዙኝ።"

"ተቀመጪ ልጄ" አሏት ሚስተር ትራስክ። "ባቡሩ የመንግሥት ነው፤ ላስወርድሽ አልችልም። በይ መጀመሪያ አንቺ የምታስቢውን ንገሪኝ። የተማርሽው አንቺ ነሽ።"

ታምሲን ተቀመጠችና ትንፋሿን ሰበሰበች። "እርስዎ ያን ሁሉ ዱላ የቀመሱት ሰው ስላላወቀዎት ነው። ሰው የማያውቀውን ይፈራል። አሁን አንድ የገጠር ልጅ 'እንደኔ ያለ የለም' ብሎ ብቻውን ሲያለቅስ፣ ዳርሲን በቴሌቪዥን ቢያየው አይጽናናም? ደግሞስ ወንድ ቀሚስ ለብሶ ትያትር መሥራቱ ዛሬ ተጀመረ? በየገናው ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ውስጥ እንጀራ እናት ሆኖ የሚጫወተው ማን ነው? የሰፈራችን ፖሊስ አይደለም?"

"እሱ ነው። እግሩ ግን ለቀሚስ አይሆንም።"

ሦስታችንም ሳቅን። እኔ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ፤ የተናገረችው ሁሉ ከደብዳቤዬ የተቀዳ ይመስል ነበርና።

ሚስተር ትራስክ ሳቃቸውን ቶሎ አቆሙ። "እውነትሽን ነው። ስለ ቀሚሱ ከኔ አንድም ቃል አልወጣም፤ የሰፋሁትም እኔ ነኝ። ቤቱ ይልበሰው፣ ትምህርት ቤት ይልበሰው፣ የሚያውቁት ሰዎች ፊት ይደንስበት። ዓይኑን የሚያጉረጠርጥበት ካለ እኔ አለሁ። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ዛሬ ጠዋት ስንት ጊዜ አስጠቀሳችሁት?"

"ምን አሉኝ?"

"ጥቅሻውን ነው የምልሽ። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ዞር ብሎ፣ ካሜራውን የጠቀሰውን። ዳይሬክተሩ 'ይህቺ ትደገም' ያለውን።"

ታምሲን አሰበች። "አምስት ጊዜ መሰለኝ።"

"አምስት ጊዜ ነው፤ ቆጥሬያለሁ። ከማን እንደተማረው ታውቂያለሽ? ከኔ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ለእናቱ ስቀልድ አየኝና ቀዳኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰካራም ያሳቅኩባት ጥቅሻ ናት፤ ትርጉሟ ልጅ ፊት አይነገርም። ልጁ አያውቀውም፤ ከካሜራው ኋላ የቆሙት ግን ያውቁታል። ሳቃቸውን ሰማሁት። እኔ ሳቅ አውቃለሁ ልጄ፣ እንጀራዬ ነበር። የሳቁት በዳንሱ አልነበረም።"

"ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፣ ሚስተር ትራስክ።"

"አይደሉም። አንቺም አይደለሽም፤ ግን አብረሽ ሳቅሽ። እኔም እዚያው ቆሜ አምስተኛው እስኪያልቅ ዝም አልኩ። ሰባ አራት ዓመት ሙሉ ሰው 'እፈር' እያለኝ ያላፈርኩ ሰውዬ፣ ዛሬ ጠዋት አፈርኩ።"

ታምሲን አንገቷን ደፋች፤ ነገር ግን በቀላሉ የምትረታ ልጅ አልነበረችም። "እሺ፤ በኛው ጣቢያ ትንንሽ ሴት ልጆች ከንፈራቸውን አቅልተው፣ ዳሌያቸውን እየሰበቁ መደነስ ከጀመሩ ስንት ዓመታቸው? ማን ተቃወመ? ነውሩ የሚታየው ወንድ ልጅ ሲሆን ብቻ ነው?"

"ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ለነሱም ያው ነው። ለዳርሲ ብቻ የማወጣው ሕግ የለኝም። የትልቅ ሰው ቀልድ ሕፃን ላይ አይጫንም፤ ወንድ ይሁን ሴት፣ ቀሚስ ይልበስ ሱሪ።"

እኔም ዝም ማለት አቃተኝ። "የልጁ ፍላጎትስ? 'በቴሌቪዥን መቅረብ እፈልጋለሁ' ያለው እኮ ራሱ ነው።"

"ዐሥር ዓመቱ ነው ኖራ። ባለፈው ወር ባሕር ውስጥ ጠልቆ ከሻርክ ጋር መኖር ይፈልግ ነበር። እኔ መድረክ የወጣሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ወድጄና አውቄ ነው። ስወርድ ዊጉን አወልቃለሁ፤ የተጠበሰ ዓሣና ድንቼን ገዝቼ ቤቴ ስገባ ማንም አያውቀኝም። የሱ ግን አይወልቅም። በዐሥራ አምስት ዓመቱ 'ይህን ተውኩት' ቢል ምስሉን ማን ይመልስለታል? የሚሰድበው ይሰድበዋል። ከተሳዳቢው የሚብሰው ደግሞ ብቻውን ተቀምጦ ደጋግሞ የሚያየው ነው።"

ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ገባ። ሲወጣ ታምሲን፣ "ያጋነኑታል፤ አንዲት ጥቅሻ እኮ ናት" አለች። ድምፅዋ ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም።

"እንግዲያው ቀላል ነው" አሉ ሚስተር ትራስክ በትሕትና። "እዚያ ማዶ ጋዜጣ የሚያነብ ሰውዬ አለ። ተነሺና ፊቱ ቁሚ፤ እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርጊ፤ ዞር በይና ልክ እንደዚያ ጥቀሺው። አንዴ ብቻ። አምስት ጊዜ አላልኩሽም።"

ታምሲን ሰውየውን አየችው። ብድግ ለማለት ሞከረች፤ መልሳ ተቀመጠች። ከአንገቷ ጀምሮ እስከ ግንባሯ ቀላች።

"አልችልም።"

"ለምን?"

"ምን ብሎ ያስበኛል?"

ሚስተር ትራስክ መልሱን ራሷ እንድታገኘው ተዉአት። ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ "እኔ የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ነኝ፤ እሱ ገና ዐሥር ዓመቱ ነው" አለች።

የኔም እፍረት ከሷ ያነሰ አልነበረም። በዚያ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ውስጥ ስለ ዘመን ጽፌያለሁ፣ ስለ ኅብረተሰብ ጽፌያለሁ፤ ስለ ዳርሲ፣ ምን እንደሚያስደስተውና ምን እንደሚያስፈራው፣ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ልጁን እንደ ባንዲራ ይዤ ወጥቼ ነበር። ባንዲራ ደግሞ ደከመኝ አይልም።

በማግስቱ ታምሲን አለቃዋ ዘንድ ገባች። እሱ "ሕዝቡ ይወደዋል" ቢላትም፣ "ልጁ ከቀረበ እኔ እለቃለሁ" ብላ ጸናች። ሊያን ስላልፈረመች ጣቢያው ምስሉን ይዞ የማቆየት መብት አልነበረውም፤ ተደመሰሰ። ቅዳሜ ጠዋት ታምሲን፣ ሚስተር ትራስክና እኔ ለዳርሲ ልንነግረው ሊያን ቤት ሄድን። ልጁ ጠረጴዛ ላይ የተጠበሰ ዳቦ በቅቤ እየበላ ነበር።

ታምሲን አጠገቡ ተቀመጠች። "ዳርሲ፣ ፕሮግራሙ ላይ አትቀርብም።"

"ስላበላሸሁ ነው?"

"አንተ ምንም አላበላሸህም፤ ዳንስህ ያምራል። ያጠፋነው እኛ ነን። የትልልቅ ሰዎች ቀልድ አስደጋገምንህ።"

ልጁ ዳቦውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። "አውቄያለሁ" አለ።

"ምኑን ነው ያወቅኸው የኔ ጌታ?" አለች እናቱ።

"የሳቁት በዳንሱ እንዳልሆነ። ሦስተኛው ላይ አወቅኩ። በምን እንደሳቁ ግን አላወቅኩም። አፈርኩ።"

ሚስተር ትራስክ ወንበሩን ይዘው፣ "ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?" አሉት።

"ሁላችሁም ደስ ብሏችሁ ነበራ።"

ሽማግሌው ወንበሩን ለቀው ወደ ጓሮ ወጡ። ሊያን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ልጆች አስተምሬያለሁ፤ ልጅ ፊት ቆሜ እንደዚያን ቀን ያነስኩበት ጊዜ የለም። "ይቅርታ ዳርሲ፣ ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር" አልኩት። እሱም እንደ ትልቅ ሰው "ይሁን፣ ሚስ" አለኝ፤ ይህም ይበልጥ አሳፈረኝ።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ለውጥ ልናገር፤ ጥቅሙ ለብዙ ሰው ይተርፋልና። ጣቢያው የወንድ ልጆቹንም የሴት ልጆቹንም እንዲህ ያለ ጨዋታ ተወ። ታምሲን ዛሬ ሌላ የልጆች ፕሮግራም ታዘጋጃለች፤ አንድ ልጅ ካሜራ ፊት አንድ ነገር እንዲሠራ ከመጠየቋ በፊት፣ ያንኑ ነገር ራሷ ባልደረቦቿ ሁሉ ፊት ትሠራዋለች። እሷ ያፈረችበት ለልጅ አይሰጥም። አስቀድመው የሳቁባት ካሜራ አንሺዎች አሁን ደንቡን ለአዲስ ሠራተኛ የሚያስረዱት እነሱ ሆነዋል።

ዳርሲም መደነሱን አላቆመም። በታኅሣሥ፣ በኛ አገር የትምህርት ዓመት ሲያልቅ በሚደረገው በዓል፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ቢጫ ቀሚሱን ለብሶ ራሱ የፈጠረውን ዳንስ አቀረበ። ማንም በስልክ እንዳይቀርጽ አስቀድመን ለምነን ስለነበር ወላጆች በዓይናቸው ብቻ አዩት። አንድ አባት ተቆጥተው ወጡ፤ የቀሩት መቶ ሰዎች ተቀመጡ። ዳርሲ መሐል ላይ እርምጃው ተሳስቶበት ቆመ፣ በራሱ ሳቀ፣ እንደገና ጀመረ። በሳቁ ሁላችንም ሳቅን፤ በምን እንደሳቅን እሱም ያውቅ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ቀሚሱን ትቶ ከበሮ መምታት ጀመረ። ለምን ተውከው ያለው የለም፤ የሚከተለው ምስልም የለም። ነገ ሊመለስበት ቢፈልግ መንገዱ ክፍት ነው፤ አድጎ ቴሌቪዥን ላይ ልውጣ ቢልም በራሱ አፍ ብሎ፣ በራሱ እጅ ፈርሞ ይወጣል። እናቱ በዚህ ትደሰታለች፤ ሚስተር ትራስክም ሰው የሚያምረው እንዲህ ቀስ ብሎ ሲያድግ እንጂ ሲጣደፍ አይደለም ይላሉ።

ዳርሲ አሁን ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ከትልልቅ ሰዎች ጋር ሲጫወት ያልተመቸው ነገር ካለ፣ "ይሄ ደስ አላለኝም" ይላል፤ እኛም ወዲያው እናቆማለን። ይህን ቃል ያስተማርነው እኛ አይደለንም። ቃሉ ሁልጊዜም ነበረው፤ እኛ ዘግይተን መስማት ጀመርን እንጂ።