ጥፋቱ የጠፋበት ሰው

ግራና ከተማ ጎረቤቴ የሆነው ሰይድ በወጣትነቱ በወሰን ጠብ የማሳ አዋሳኙን አያ እንድሪስን ፈንክቶ ታስሯል። ዘንድሮ ሲሪንቃ የጥበቃ ሥራ ተገኘለት፤ “መጀመሪያ የወንጀል ሪከርድህን አሰርዝ” ተባለና ተያይዘን ወልድያ ፍርድ ቤት ሄድን። ጸሐፊው፣ “ጥፋትህ ፖሊስ ጋ ተመዝግቦ አለ፤ የእኛ መዝገብ ግን በጦርነቱ ተቃጥሏል። የሌለ ፍርድ አይሰረዝም” አለው።

“ከተቃጠለማ ተሰረዘ ማለት አይደል፣ ወንድሜ?” አለ ሰይድ።

“ማቃጠል የፍርድ ቤት ሥልጣን አይደለም። መፈንከትህን የሚያስረዳ ምስክር አምጣ፤ መዝገቡን እንደገና አደራጅተን እንሰርዝልሃለን።”

ከተፈነከተው የተሻለ ምስክር የት ይገኛል? በማግስቱ አያ እንድሪስን ይዘን ቀረብን። የግንባራቸው ጠባሳ ከበር ይታያል።

“አባቴ፣ ሰይድ ፈንክቶዎታል?” አላቸው ጸሐፊው።

“አዑዙ ቢላህ! ሰይድ ልጄ ነው። ምን አድርጎኝ?”

“ጠባሳውስ?”

“አላህ ያውቃል።”

ሰይድ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። “አያ እንድሪስ፣ በአላህ ይዣችኋለሁ፣ ፈነከተኝ በሉ!”

“ስንታረቅ ሽማግሌ ፊት ሁለተኛ ላናነሳው ምለን የለም ወይ? አንተ ሥራ እንድትይዝ እኔ መሐላ ላፍርስ?”

ጸሐፊው ጥፋቱ አልተረጋገጠም ብሎ ማመልከቻውን መለሰ። ሰይድም በማስረጃ እጦት ወንጀለኛ እንደሆነ ቀረ። ስንመለስ አያ እንድሪስ ሚኒባሱ ውስጥ ትከሻውን እየመቱ ያጽናኑት ነበር፦ “አይዞህ ልጄ፤ እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም ወንጀለኛ አይልህም።”