ከዶሮ ቤቱ በኩል ስለተሰማው ጥሪ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ መጠሪያ፦ በሰፈሩ «ሰፊዋ» የምትባል (ሙሉ ስሟ በመዝገቡ ሽፋን ላይ ሰፍሯል)
ዕድሜ፦ 48
ሥራ፦ ልብስ ስፌት
አድራሻ፦ ከሥጋ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ግቢ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ጠዋት፣ ጉዳቱ በደረሰ በሦስተኛው ቀን

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር፣ የግል ተበዳዩ የእናቴ ልጅ ታናሽ ወንድሜ፣ ተጠርጣሪው ደግሞ ባለቤቴ መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ። በባሌ ላይ ለመመስከር እንደማልገደድ መርማሪው ነግሮኛል። ሳልገደድ ነው የምናገረው።

ባለቤቴ የመኪና መካኒክ ነው። ጋራዡ ሥራ ካጣ ወዲህ ቤታችን የሚተዳደረው በእኔ ስፌትና በጓሮ በማረባቸው ዶሮዎች ነው። ወንድሜ ሥጋ ቤት አለው፤ የእሱ ጓሮና የእኛ ጓሮ በአንድ የሽቦ አጥር ይገናኛሉ። አጥንቱንና ፈርሱን አጥሩ ሥር ባለው ቦይ ይጥላል። ጅቡን ያመጣብን ይህ ነው። መጀመሪያ አጥንቱን ለመደ፣ ቀጥሎ አጥሩን ቀደደ፣ በመጨረሻ የዶሮ ቤቱን በር ገንጥሎ ገባ። ጠዋት ስወጣ ያገኘሁት ላባ ነው። ለእንቁላል ከደረሱት አንዷን እንኳ አልተወልኝም፤ የተረፉት ጣራው ሥር የተሸጎጡ ቄቦች ብቻ ናቸው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለዶሮ ይለቀሳል ወይ የሚል ሰው ካለ አርብቶ ይየው።

ወንድሜን ጠርቼ ስወቅሰው እንደ ልማዱ ቀለደብኝ። «እታለም፣ የኔን አጥንት ትቶ ያንቺን ዶሮ ከመረጠ እኮ ደንበኛዬን ነጠቅሽኝ ማለት ነው» አለኝ። ተናድጄም ቢሆን ሳቅሁ። ባለቤቴ አልሳቀም። ያን ጊዜ ወንድሜ ወደ እሱ ዞሮ «አንተስ ጋሼ፣ ሚስትህ ዶሮ አርብታ እያበላችህ አንድ ደህና በር መግጠም አቃተህ?» አለው። ይህን ያለው ጎረቤት ቆሞ እየሰማ ነው። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ የተገነጠለውን በር አነሳ። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል። ማታውን ግን ወንድሜ ሁለተኛ በበራችን እንዳይገባ ከለከለ፤ እኔም ለቤቴ ሰላም ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ሳስበው ያ ሰላም ለማን እንደነበረ አይገባኝም።

ባለቤቴ ከአሮጌ መኪና በተፈታ ባሌስትራ ወጥመድ ሠራ። ብረቱን በመጋዝ ቆርጦ ጥርስ አወጣለት። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሠርቶ ጨረሰና በአጥሩ ቀዳዳና በዶሮ ቤቱ መሃል፣ ሣሩ ውስጥ አጠመደው። ወንድሜ ይህን አያውቅም፤ የሚነግረው አልነበረም። «ሰው ቢገባስ?» ብዬ ባለቤቴን ስጠይቀው «በአጥር የሚገባ ሰው ሌባ ነው» ብሎ መለሰልኝ።

በዚያው ዕለት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ራት ላቀርብ ስል ወጥመዱ ሲዘጋ ሁለታችንም ሰማን። ልነሳ ስል ባለቤቴ «ተቀመጪ፣ የቆሰለ ጅብ አይቀረብም፤ ይድከም» አለኝ። ይህ ምክር በራሱ ስህተት የለበትም፤ ተቀመጥሁ። ጥቂት ቆይቶ «እታለም!» የሚል ድምፅ መጣ። እናታችን ጅብ በዘመድ ድምፅ ይጣራል ብላ ታምን ስለነበር፣ ሲመሽ ሦስት ጊዜ ካልተጠራን አቤት እንዳንል አድርጋ ነው ያሳደገችን። ባለቤቴ ይህን ከእኔ ሰምቶ፣ ከተጋባን ጀምሮ ሲስቅበት የኖረ ሰው ነው። ያን ምሽት ግን አልሳቀበትም። ድምፁ ሁለተኛ ሲመጣ በሩ ላይ ቆመና «እናትሽ ምን ትል ነበር? ሦስተኛውን ጠብቂ እንጂ» አለኝ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ራዲዮኑን ከፍ አደረገው።

ለጅብ ተብሎ ራዲዮ ከፍ አይደረግም። ባለቤቴ የሚጣራው ማን እንደሆነ ያወቀው እኔ ባወቅሁበት ቅጽበት ነው።

ሦስተኛ ጥሪ ይኑር አይኑር በራዲዮው ምክንያት መለየት አልቻልኩም። ዜናው ተነቦ እስኪያልቅ ተቀምጫለሁ። ለምን እንደተቀመጥሁ መርማሪው ጠይቆኛል፤ ባሌን እፈራዋለሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። በመጨረሻ ገፍቼው ወጣሁ። ወንድሜ እግሩ በወጥመዱ ተይዞ፣ ራሱን ስቶ ወድቋል። አጠገቡ ፒንሳና አዲስ የሽቦ ጥቅል ነበር። የአጥሩን ቀዳዳ ከውስጥ በኩል ግማሽ ድረስ ሰፍቶታል። በበር እንዳይመጣ ስለተከለከለ በቀዳዳው ገብቶ ቀዳዳውን ሲጠግንልኝ ነበር። አሰፋፉ የሚያስቅ ነው፤ ቢሆንም ይይዛል። ስጮኽ ጎረቤቱ ሁሉ ባትሪውን እያበራ ደረሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይህን።

ሐኪሙ፣ ወንድሜ ያን ያህል ደም ሳይፈሰው ሆስፒታል ቢደርስ ኖሮ እግሩ ይተርፍ እንደነበር ነግሮኛል። ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። የሥጋ ቤት ሥራ ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚሠሩት ሥራ ነው።

ባለቤቴ «ጅብ መስሎን ነው፣ የሰው ድምፅ አልሰማንም» ብሎ ቃሉን እንደሰጠ ተነግሮኛል። ወንድሜም «ማንንም አልጠራሁም» ማለቱን መርማሪው አንብቦልኛል። ትናንት ሆስፒታል እጄን ይዞ «እታለም፣ ቤትሽን አታፍርሺ፤ እኔን ምላሴ ነው ያስቆረጠኝ» ብሎኛል። አንዱ ራሱን ለማዳን ይዋሻል፣ አንዱ የእኔን ትዳር ለማዳን። መርማሪው «የእርስዎ ቃል ከተበዳዩም ቃል ጋር ይጋጫል፤ ይህን ክፍል ላውጣው?» ብሎ ጠይቆኛል። አይውጣ ብያለሁ። ወንድሜ ጠርቶኛል። ባለቤቴ ሰምቷል፣ እኔም ሰምቻለሁ። ይህ ጽሑፍ ሁለቱም ባሉበት ችሎት ላይ እንደሚነበብ ተገልጾልኛል። ይነበብላቸው።

የተጻፈው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ፣ ከአፌ የወጣው ራሱ እንደሆነና ያልተናገርኩት እንዳልገባበት አይቼ፣ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ በእጄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________