ዝም ማለትን ያስተማሩኝ አያ ደስታ

እኛ ጎረምሳ ሳለን፣ ልጆቼ፣ ጎንደር ላይ ኖታ የሚያነብ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። እኔ ደግሞ ከድብ ባሕር ስመጣ ከበሮ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ሠርግ ለሠርግ እየዞርኩ በጆሮዬ ነው የለመድኩት። ታዲያ ጣሊያን ከወጣ በኋላ የሰልፍ ባንድ ተቋቋመና ታምቡር መቺ አርገው ቀጠሩኝ፣ ሸጋ ልብስም አለበሱኝ። እና አለቃችን የዜማ ኖታ የተጻፈበት አንድ ወረቀት ፊቴ ዘረጋና "ምታ" አለኝ። መታሁ።

"ምንድን ነው የምትመታው?"

"እንጃ ጌታዬ፣ ደስ ያለኝን ነዋ።"

"እስከ ፋሲካ ይህን ማንበብ ካልቻልክ ወደ አገርህ።"

ወዴት እገባለሁ? አገር ቤት እኮ "ልጃችን የመንግሥት ሰው ሆነ" ተብሎ ተደግሷል።

ታዲያ አያ ደስታ የሚባሉ ሽማግሌ ጥሩምባ ነፊ ነበሩ፣ "ና፣ መጀመሪያ እግርህ ይማር" አሉኝ። ወረቀቱን ይዘን ፒያሳ ወጣን። "ይቺ አንድ እርምጃ ናት። ይቺ ጭራ ያላት ግማሽ ናት፣ ቶሎ ቶሎ ትረግጣለህ። እዚህ ጋ ዕረፍት ነው፤ ትቆማለህ።" እሄዳለሁ፣ እሄዳለሁ፣ መቆሙ ላይ እግሬ እንቢ ይለኛል።

"ምነው፣ ቁም አልኩህ እኮ።"

"ሳልመታ ምን ልሥራ ታዲያ?"

"ቁጠር። ዝምታውም ተጽፏል፣ እየው።"

አንድ ቀን ዕረፍቷን አክብሬ ቀጥ ብዬ ብቆም፣ ጌሾ የተሸከመች ሴትዮ ከኋላ መጥታ ተላተመችኝ። "ምነው አንተ፣ መንገድ መሀል ምን ገተረህ?" "ዕረፍት ላይ ነኝ።" "ቤትህ ገብተህ አታርፍም?" አያ ደስታ በሳቅ ግድግዳ ይዘው ቀሩ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ነው፣ በየቀኑ ከሥራ መልስ፣ አንድም ቀን ሳይታክታቸው ያስተማሩኝ።

ታዲያ ፋሲካ ሲቃረብ አለቃው አይቼው የማላውቀውን ወረቀት ዘረጋልኝ። መታሁ፣ መታሁና ድንገት አቆምኩ።

"ጠፋብህ አይደል?" አለኝ።

ዕረፍቷ ናት፤ በሆዴ ሦስት፣ አራት ብዬ ቆጥሬ ምቱን ቀጠልኩ። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። "ነገ ሰልፍ አለ፣ እንዳትቀር" ብሎኝ ሄደ።

ማር ይዤ አያ ደስታ ቤት ሮጥኩ። "ውለታዎን በምን እመልሳለሁ?" ብላቸው፣

"የምን ውለታ? እኔ ባንድ ስገባ ሁለት ዓመት ሙሉ ወረቀቱን ዘቅዝቄ ይዤ ነው የነፋሁት" አሉኝ። "ኋላ ከጎኔ የሚቆመው ሰውዬ ለማንም ሳይናገር በእጁ አቃናልኝ።"

እኔ እንዳላፍር ብለው ነው እኮ ራሳቸውን ያጋለጡት። እና በማግሥቱ ሰልፍ ላይ ዞር ብዬ ባያቸው ያ የተዘቀዘቀው ወረቀት ትዝ አለኝና ሳቄ አመለጠኝ፣ ሁለት ምት ዘለልኩ። አለቃው አላወቀም፤ እሳቸው ጥሩምባቸውን ከፍ አርገው ነፍተው ሸፈኑልኝ።