ዘጠነኛው መደብ

እትዬ ግማሽ፣ እባክዎ ከመስኮቱ ይመለሱ። ዝናቡ የእርስዎን ፈቃድ አይጠይቅም። እኔም ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብድግ ስል ነው የዋልኩት፤ የመሸኛ ንግግሬን ቶሎ ተናግሬ ልረፍ።

ወደዚህ ምርምር ጣቢያ መጀመሪያ የመጡ ቀን አንድ ጆንያ ፍግ ይዘው ከሰርቪስ ወረዱ። ጥበቃው ዛሬም ሲያወራው ይስቃል። «ፍግ ይዘው ወደ ቢሮ?» ቢልዎት፣ «ታዲያ ወዴት ልውሰደው፣ ሰርግ ቤት?» አሉት። ከዚያ ወዲያ ሰርቪስ ውስጥ ከጎንዎ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ።

ስሙንም እኛ አላወጣንልዎትም፤ የገዛ አፍዎ ነው። ግማሽ ማዳበሪያ፣ ግማሽ ፍግ። ሻይ ሲቀዳልዎት «ግማሽ!»፣ ፈቃድ ሲወጡም ግማሽ ቀን። «አሲዳማ አፈር ፎስፈረሱን ያስረዋል፤ ፍጉ ዋስ ሆኖ ያስፈታዋል» ሲሉ ስንቴ ሰማን? አለቃችን በእንቅልፉ ይለዋል አሉ፤ ባለቤቱ ናት የነገረችኝ።

እሺ፣ ይቀመጡ፤ አሁን አያቋርጡኝ። አምስት ዓመት ሆዴን ሲበላኝ የኖረ ነገር አለ። ዘጠነኛው መደብ ለማወዳደሪያ ምንም ሳይጨመርባቸው ከተተዉት ሦስት የሙከራ መደቦች አንዱ ነበር። በተቀጠርኩ በሦስተኛው ወር አንድ ጋሪ ፍግ የገለበጥኩበት እኔ ነኝ። የመደቦቹን ችካሎች ከተሳሳተው ጫፍ ጀምሬ ቆጠርኩ። «ሥራ ልልቀቅ» ብዬ ስመጣ፣ «ዝም በል፤ የፈሰሰ አይታፈስም፣ ይመዘናል ግን» አሉኝ። ደብተሩ ላይ «ስህተቱ የእኔ ነው» ብለው ፈረሙ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውንም ተቀበሉ።

አለቃ፣ ያ ደብዳቤ የእኔ ነው፤ ስሙ ይስተካከልልኝ።

ያንን መደብ ለይተው በየዓመቱ መዘኑት። ፍግ ዳግም ሳይነካው፣ ድንቹን ስንዴ፣ ስንዴውን ባቄላ እየተካው፣ ሦስት ዓመት ከሌሎቹ ሁለቱ በለጠ። ፍግ ቶሎ እንደማያልቅ ያየነው በእኔ ስህተትና በእርስዎ ትዕግሥት ነው።

አሁን ምን እንደሚያስጨንቅዎት አውቃለሁ። የሙከራው የስድስተኛ ዓመት፣ የመጨረሻው ባቄላ አልተዘራም፤ እርስዎ ደግሞ በጡረታ ይሄዳሉ። ሳምንቱን ሙሉ «ችካሉን ማን ይቆጥራል?» ሲሉኝ ከረሙ። እኔ እቆጥራለሁ፣ እትዬ። ሁለት ጊዜ፣ ከሁለቱም ጫፍ።

አመሰግናለሁ። ሰው አደረጉኝ።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሱ! የእርስዎ ዛሬ ሙሉ ይቀዳ፤ ግማሽ የሚባል ነገር የለም። ሙሉ ጤና፣ ሙሉ እንቅልፍ፣ ከልጅ ልጆችዎ ጋር ረጅም ዕድሜ ይስጥዎት። ባቄላውን የምንዘራው ሰኞ ጠዋት ነው። እንደማይቀሩ አውቃለሁ፤ ጥበቃው «ጡረተኛ ወዴት?» ካለዎት ጆንያውን ያሳዩት።