የታደለ ጎማና የሰናይት ቅቤ

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ሚስት ባሏ የሚሠራበት ቤት ዘው ብላ አትገባም ነበር፤ ምሳውን በር ላይ ታቀብላለች፣ አለቀ። እኔም እዚህ ሰው አገር፣ ኢስትሊ ሰፈር ከመጣን ጀምሮ እንደዚያው ነኝ። ታደለ፣ ባሌ፣ ጓሮ ባለችው ቆርቆሮ ቤት የአሮጌ መኪና ጎማ ያድሳል፤ የሚሽከረከረውን አይደለም፣ በበርና በመስታወት ዙሪያ የሚገባውን፣ ያን የሚደርቀውን። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ያጥበዋል፣ ያደርቀዋል፣ ከዚያ ግሊሰሪን ይቀባዋል።

ታዲያ ባለፈው ዝናብ ሰናይት የምትባል ከፊት ለፊታችን ተከራየች። ባል የላትም፣ ጥርሷ ነጭ ነው፣ እዚሁ ያደገች ናትና አማርኛዋ መሃል ስዋሂሊ ጣል ታደርጋለች። እና አንድ ቀን ምሳ ይዤ ብሄድ፣ ላግዝ ብላ ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ቆማለች። መፍቻውን በየመጠኑ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፣ የያንዳንዱን ቅርጽ ዙሪያውን በቀለም አስምራበታለች፣ ብሎኑን በየጣሳው ለያይታዋለች። እሱ ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ ፒንሳ አገኛለሁ ይለኛል። ያን ሁሉ ዘመን ዕቃዬን እንዳትነኪ ያለኝ ሰውዬ! እሷም "ፉንዲ፣ ካቻቢቴው እኮ ቦታው እዚህ ነው" ትለዋለች፣ ድምፅዋን አለስልሳ፤ ፉንዲ ባለሙያ ማለቷ ነው። ታዲያ ከዚያ ወዲያ ሳቃቸውን በሰማሁ ቁጥር ያሰጣሁትን ልብስ አውርጄ እንደገና እጨምቀዋለሁ። ታውቂው የለ፣ አንቺም ባል አለሽ።

እና ታደለ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ደንበኛ ዘንድ ሄዶ ሳለ ብቅ ብል፣ የዚያኑ ደንበኛ የቮልስ ጎማ ዘርግታ ለጋ ቅቤ ትቀባዋለች። "ተይ ሰናይት፣ ቅባት ጎማ ያሳብጣል" አልኳት። ከት ብላ ሳቀች፤ ጠጉር የሚያለሰልስ ቅቤ ጎማ እንዴት ያቅተዋል፣ ደግሞ እትዬ ብርቄ ቅናት ይዞዎታል፣ አለችኝ። ቀንቼ ነበር? ቀንቻለሁ፣ ታዲያስ። የነገርኳት ግን እውነቱን ነው።

ጎማው ሰነበተና አበጠ፣ ተልፈሰፈሰ፣ እንደ ቀጠነ ሊጥ። ታደለ አነሳው፣ አሸተተው፣ "ቅቤ ማን ቀባው?" አለ። እሷ ቀደመችኛ። "እኔ እንጃ ፉንዲ፣ ቅቤ የሚያነጥሩት እትዬ ናቸው" አለች። እሱም ዞሮ አየኝ፤ በቃ እሷን ሊያምን ነው አልኩ።

"ብርቄ አይደለችም" አለ። "ጎማ ቅባት እንደማይወድ ዕድሜ ልኬን ስለፈልፍ ሰምታኛለች። ዛሬ ይጠፋታል?"

እኔ እኮ ልጄ፣ እንደምሰማው የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር። በየምሳው በር ላይ ቆሜ ያን ሁሉ ስለ ጎማ ስሰማ፣ ለካ ያየኛል። ሰናይትም አቀረቀረች፣ እኔ ነኝ አለች።

"ታዲያ ቅናቱ ተወዎት?" አልኳቸው እትዬ ብርቄን፣ ይህን ሁሉ ሲያወጉኝ ቆይተው።

"ማ? እኔን? ኋላ 'ፖሌ' ልትለኝ ቤቴ መጣች፣ ይቅር አልኳት፣ ወንበርም ሰጠኋት" አሉና ሳቁ። "ከታደለ ራቅ አድርጌ።"