አልጋ ሥር የተቆለፈው ሣጥን

ልብስ ሰፊዋ ከሩቁ ምንጭ ጀሪካን አዝላ ስትመለስ፣ የልጇን የሳይንስ አስተማሪ ተበላሽቶ ከቆመው የውሃ ፓምፕ አጠገብ አገኘቻት። ጦርነቱ ሰዉን በትኖ የሚያነጋግር ስለጠፋ፣ ሰላምታቸው ረዘም አለ።

«እትዬ፣ ልጅዎን ለምን አስቀሯት?»

«ትምህርት ቤቱ ተመትቶ የለ?»

«በእህል መጋዘኑ ጀምረናል። ሰባት ሴት ልጆች ስለ ሞተር፣ ስለ ኤሌክትሪክ ይማራሉ። ጠዋት ከየበራቸው ሰብስቤ እወስዳለሁ፤ ሳይመሽ እመልሳለሁ።»

«መፍቻ ስትጨብጥ የዋለችን ልጅ ማን ያገባታል? ብሎኑ?»

«ብሎን ከአንዳንዱ ባል ይሻላል እትዬ፤ ካጠበቁት ቦታ አይጠፋም።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ዋጠችው። ፓምፕ ጠጋኝ ባሏ ከዘመተ አሥራ አንድ ወሩ ነው፤ ድምፁም የለ።

አስተማሪዋም ገብቷት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የባልዎ መጠገኛ መሣሪያዎችስ?» አለች።

«አልጋ ሥር ተቆልፈዋል። የሄደ ሰው ዕቃ እሱ ሳይመጣ ከተከፈተ ሰውዬው ቀረ ይባላል። እኔ ሣጥኑን በየቅዳሜው እወለውላለሁ።»

«አይቆጡኝና፣ ሲመጣ ምን ያገኛል? የተወለወለ ሣጥንና ወገቧ የጎበጠ ሚስት። ፓምፑን ያቆመው ውስጡ ውሃውን የሚስበው ቆዳ ማለቁ ነው። ትምህርት ቤቱ ከመመታቱ በፊት ይህን ለክፍሉ ያስረዳችው የእርስዎ ልጅ ናት። ወንዶቹ ሲዘምቱ እውቀቱም አብሮ ዘመተ። አገር በአንድ እግሩ ቆሞ ነበር እትዬ፤ ያ እግር ሲመታ አየነው።»

ልብስ ሰፊዋ ጀሪካኑን አወረደች። «ለእሷ ብዬ አይደለም ያስቀረኋት» አለች። «እሷም ከወጣች ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የስፌት መኪናዬ ብቻ ነው።»

አስተማሪዋ ጀሪካኑን አንስታ እስከ ደጇ ሸኘቻት።

እውነት ግን ከአፍ ከወጣ ወዲያ ተመልሶ አይገባም። ሴትዮዋ ያንኑ ቀን ቁልፉን ከአንገቷ ፈትታ፣ «እንኪ» አለቻት ልጇን። ሣጥኑ ውስጥ አባትየው በፓምፑ ልክ ቆርጦ፣ በሚስቱ የስፌት ክር አስሮ ያስቀመጠው ቆዳ ተገኘ።

ልጅቷ ቆዳውን ቀየረችው፤ በሦስተኛው ቀን ውሃው ወጣ። ወደ ምንጩ የሁለት ሰዓት መንገድ መሄድ ቀረ፤ ከምንጩ ውሃ የመጣው የሕፃናቱ ተቅማጥም ጋብ አለ። ትምህርቱን ሴት ልጅ ምን ታደርግበታለች ሲሉ የነበሩ ጎረቤቶች ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ወደ መጋዘኑ ሰደዱ።

ቅዳሜ ልብስ ሰፊዋ እንደ ልማዷ ጨርቅ ይዛ አልጋው ሥር አጎነበሰች። ሣጥኑ የለም፤ አቧራ ያልነካው ቦታው ብቻ ቀርቷል። ከውጭ መፍቻ የፓምፑን እጀታ ሲመታ ተሰማ። ድሮ ያ ድምፅ ሲሰማ ባሏ ሥራ ላይ ነው ማለት ነበር። ጨርቁን እንደያዘች አዳመጠች። ልጇ ናት።